የነጋዴው ሁለተኛ መዝገብ

የግራፍ ዳታቤዝ ምንድን ነው? ለነጋዴስ ምን ይጠቅመዋል?

በንግድ ሥራ ላይ ብዙ ዘመን የቆየ ሰው ሁሉ ሁለት መዝገብ አለው። አንደኛው በጠረጴዛው ላይ፥ ወይም ዛሬ እንደ ተለመደው በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገኘው የሒሳብ መዝገብ ሲሆን፥ ገቢና ወጪው፥ ዕዳና ብድሩ፥ የዕቃው ብዛትና ዋጋው በየረድፉ ተጽፎ ይገኝበታል። ሁለተኛው ግን በወረቀት ያልሰፈረና በባለቤቱ ኅሊና ብቻ የሚኖር ነው። ይኸውም ማን ለማን ዋስ እንደ ሆነ፥ የማን ሱቅ በማን ገንዘብ እንደ ቆመ፥ የትኛው አቅራቢ ከየትኛው አስመጪ ጋር በጋብቻ ወይም በአክሲዮን እንደ ተሳሰረ የሚያውቅበት መዝገብ ነው። አባት ሱቁን ለልጁ ሲያስረክብ የመጀመሪያውን መዝገብ ከነቁልፉ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛውን ግን ለማስረከብ ቢፈልግ እንኳ በምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚያሰፍረው ስለማያውቅ አብዛኛውን ጊዜ ይዞት ይቀራል። ልጁም ሒሳቡ ሁሉ የተስተካከለ መስሎት ሲሠራ ቆይቶ፥ በዱቤ የሰጠው ዕቃ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስትና በአራት በኩል ሲቀርበት የተበዳሪዎቹን ትስስር የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሁለተኛ መዝገብ መጻፍ የሚቻልበት ዘዴ አለ፤ ስሙም የግራፍ ዳታቤዝ ይባላል። መሠረቱ ሁለት የሒሳብ ትምህርት ክፍሎች ናቸው። እነርሱም የግራፍ ንድፈ ሐሳብና ሒሳባዊ ሥነ አመክንዮ ይባላሉ። ስማቸው ለነጋዴ ጆሮ የከበደ ቢመስልም፥ የሚናገሩት ነገር ነጋዴው በየቀኑ የሚያደርገው ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ልናስረዳ አስበናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሰባቱ ድልድዮች

ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ግዛት ውስጥ የምትገኘው የቀድሞዋ የፕሩሲያ ከተማ ኬኒግስበርግ፥ ፕሬገል በተባለው ወንዝ ምክንያት በአራት የመሬት ክፍሎች የተከፈለች ነበረች። ክፍሎቹንም ሰባት ድልድዮች ያገናኟቸው ነበር። እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ከተማይቱን መዞር ይቻል እንደ ሆነ ሰዎች ይጠያየቁ ነበር። በሴንት ፒተርስቡርግ የሳይንስ አካዳሚ ይሠራ የነበረው ትውልደ ስዊሱ ሊቅ ሌዮንሃርድ ኦይለር በ1735 ለአካዳሚው ባቀረበው ጽሑፍ ይህ ከቶ እንደማይቻል አስረዳ።

የኦይለር ብልሃት የተወው ነገር ላይ ነው። የመንገዱን ርዝመት፥ የወንዙን ስፋት፥ የድልድዩን አሠራር ሁሉ ትቶ፥ እያንዳንዱን የመሬት ክፍል በአንድ ፊደል ሰይሞ፥ የትኛው ከየትኛው ጋር በስንት ድልድይ እንደ ተያያዘ ብቻ ቆጠረ። መንገደኛው ወደ አንድ ክፍል በአንድ ድልድይ ከገባ የሚወጣበት ሌላ ድልድይ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከመነሻውና ከመድረሻው በቀር በየክፍሉ ያሉት ድልድዮች ቁጥራቸው ጥንድ መሆን አለበት። በኬኒግስበርግ ግን አንዱ ክፍል አምስት፥ ሦስቱ ደግሞ ሦስት ሦስት ድልድይ ነበራቸው። አራቱም ጎዶሎ ናቸው። ነገሩ በዚህ አለቀ። በኋላ የመጡት ሊቃውንት የመሬቱን ክፍል በነጥብ፥ ድልድዩን በመሥመር መስለው ሣሉት፤ ነጥብና መሥመር ብቻ ያለበትን እንዲህ ያለውን ሥዕል ግራፍ ብለው ጠሩት።

ነጥቡ ሰው፥ ሱቅ፥ ኩባንያ፥ መጋዘን፥ ወይም የቡና ኬሻ ሊሆን ይችላል። መሥመሩም ዋስትና፥ ሽያጭ፥ አክሲዮን፥ ጭነት ሊሆን ይችላል። መሥመሩ ከወዴት ወደ ወዴት እንደሚሄድ ማመልከት ሲያስፈልግ ቀስት ይደረግበታል።

ሦስት ባለሱቆች፥ ሦስት ዋሶች

አንድ የጨርቃ ጨርቅ አስመጪ ለሦስት ባለሱቆች ለእያንዳንዳቸው የ400,000 ብር ዕቃ በዱቤ ሰጠ እንበል። አስመጪው ጠንቃቃ ሰው ስለ ሆነ፥ ዋስ ያልጠራ ሰው ዕቃ አይወስድም የሚል ደንብ አለው። በመዝገቡም ላይ በየስሙ ትይዩ የዋሱ ስም ተጽፏል። ለአንደኛው ባለሱቅ ዋሱ ሁለተኛው ነው፤ ለሁለተኛው ዋሱ ሦስተኛው ነው፤ ለሦስተኛውም ዋሱ አንደኛው ነው። ሒሳብ ሠራተኛው በየረድፉ እየተመለከተ «ዋስ አለው፤ ዋስ አለው፤ ዋስ አለው» እያለ ምልክት ያደርጋል። የተናገረውም ሐሰት አይደለም።

ነገር ግን ሦስቱን በወረቀት ላይ ሦስት ነጥብ አድርጎ ከዋሱ ወደ ተበዳሪው ቀስት ቢስል፥ ቀስቶቹ ክብ ሠርተው ከውጭ አንድም ቀስት እንዳልገባባቸው ባየ ነበር። አንደኛው የከሰረ ዕለት ሁለተኛው ስለ እርሱ እንዲከፍል ይጠየቃል፤ የራሱን ዕዳ ጨምሮ 800,000 ብር ከየት ያመጣል? እርሱም ሲወድቅ ጥያቄው ወደ ሦስተኛው ይሄዳል፤ የሦስተኛው ዋስ ደግሞ አስቀድሞ የከሰረው አንደኛው ነው። ሦስት ዋስ የተጠራበት 1,200,000 ብር ከሦስቱ ተበዳሪዎች ኪስ በቀር ምንም መደገፊያ የሌለው ሆኖ ተገኘ።

ሥነ አመክንዮ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «ለእያንዳንዱ ተበዳሪ ዋስ የሆነ ሰው አለ» የሚለውና «የዋስትናው ሰንሰለት የሚያርፍበት፥ ራሱ ተበዳሪ ያልሆነ ሰው አለ» የሚለው ሁለት የተለያዩ አነጋገሮች ናቸው። የፊተኛው እውነት ሆኖ ሳለ የኋለኛው ሐሰት ሊሆን ይችላል። አስመጪው ደንቡን ሲያወጣ በልቡ ያሰበው የኋለኛውን ነበር፤ በጽሑፍ ያሰፈረው ግን የፊተኛውን ነው። «ለእያንዳንዱ» እና «አለ» የሚሉት ሁለት ትንንሽ ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዙትን ቦታ በጥብቅ ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው የጀርመኑ ሊቅ ጎትሎብ ፍሬገ በ1879 ነው። በውል ጽሑፍ ላይ የተጣላ ነጋዴ ሁሉ የእነዚህን ቃላት ክብደት ሳይማር ያውቀዋል።

ሦስት ባለሱቆች ብቻ ሲሆኑ ክቡ በዓይን ይታያል። ሦስት መቶ ተበዳሪ ያለው አስመጪ ግን ክቡ አሥራ አንድ ሰው አልፎ የሚዘጋ ቢሆን በምን ያየዋል?

እስከ ሰባት ቤት

በኮምፒዩተር ከሚሠሩት የሒሳብ መዝገቦች አብዛኞቹ የተመሠረቱት በሠንጠረዥ ላይ ነው። ይህ ሥርዓት ራሱ ከሥነ አመክንዮ የተወለደ ነው። እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ በአሜሪካ አገር በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሲሠራ በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፥ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ ተዘርግቶ በሥነ አመክንዮ ቋንቋ ሊጠየቅ እንደሚችል አሳየ። ከእርሱ በፊት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ባክማን በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሠራው የመረጃ ቋት፥ አንዱ መዝገብ ሌላውን በሰንሰለት እየጠቆመ የሚያያዝበት ነበር። ስለዚህ በመሥመር የተያያዘ መዝገብ ዛሬ እንደ አዲስ ነገር ቢነገርለትም በዕድሜ ከሠንጠረዡ ይቀድማል። ያሸነፈው ግን ሠንጠረዡ ነው። ምክንያቱም በባክማን ሥርዓት ሠራተኛው ሰንሰለቱን በየእርምጃው ራሱ እየተከተለ መሄድ ነበረበት፤ በኮድ ሥርዓት ግን የሚፈልገውን ብቻ ይናገራል፥ መንገዱን የሚፈልገው መሣሪያው ነው። የዛሬዎቹ የግራፍ ዳታቤዞች የፊተኛውን ሰንሰለትና የኋለኛውን አጠያየቅ አንድ ላይ ያጋቡ ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የሠንጠረዡ ቋንቋ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ጉድለቱን ለመረዳት ወደ አገራችን ልማድ እንመለስ። ልጅና ልጅ ለጋብቻ ሲታጩ ሽማግሌዎች በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ይቆጥራሉ። ሰባት ተብሎ የተወሰነ ስለ ሆነ ጥያቄው ዳርቻ አለው፤ አንድ ቤት፥ ሁለት ቤት፥ ሦስት ቤት እየተባለ ሰባት ጊዜ ተጠይቆ ያልቃል። ይህን የመሰለውን ጥያቄ በኮድ ቋንቋ መጻፍ ይቻላል፤ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝም እንደ ሆነ እንጂ አይሳንም። ነገር ግን «ቤቱ በስንትም ይሁን፥ እነዚህ ሁለት ሰዎች ይዛመዳሉን?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ቁጥሩ ስላልተወሰነ በዚያ ቋንቋ ይህን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ሊገኝ አይችልም። አልፍሬድ አሆና ጄፍሪ ኡልማን የተባሉት ሊቃውንት በ1979 ይህን በማረጋገጫ አሳዩ። የፕሮግራም ጸሐፊው ስንፍና ወይም የመሣሪያው ድካም አይደለም፤ ቋንቋው ራሱ ያንን ጥያቄ የሚያነሣበት ቃል የለውም።

የነጋዴው ጥያቄ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ዓይነት ነው። ከአሥራ አንደኛው ዋስ በኋላ የሚዘጋው ክብ «እስከ ሰባት ቤት» ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም።

መድኃኒቱ ራሱን የሚጠቅስ ደንብ ነው። ደንቡም እንዲህ ይላል፦ «ከአንድ ተበዳሪ ጀርባ የቆመ የሚባለው ወይ ራሱ ዋሱ ነው፤ አለዚያም ከዋሱ ጀርባ የቆመ ሰው ነው።» ይህ ደንብ በሁለት ሐረግ ተጽፎ ስንትም እርምጃ ይሄዳል። በሦስቱ ባለሱቆች ዘንድ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል፤ መሣሪያው ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፥ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሄዶ ተመልሶ አንደኛውን ሲያገኝ፥ አስቀድሞ ያለፈበት መሆኑን ምልክት ካላደረገ ሲዞር ይኖራል። ምልክት ካደረገ ግን ያው መመለሱ ክብ መኖሩን የሚነግረን ይሆናል። የሠንጠረዡ ቋንቋ ኤስ.ኪው.ኤል. ይህን ዓይነት ደንብ በ1999 በወጣው ደረጃው ውስጥ ጨምሯል፤ ስለዚህ ሠንጠረዥ ያለው ሰው ፈጽሞ አይችልም ማለት ዛሬ ሐሰት ነው። በግራፍ ዳታቤዝ ግን ይህ አጠያየቅ ከመጀመሪያው የታሰበበት በመሆኑ፥ በሌላው አንድ ገጽ የሚፈጀው በአንድ መሥመር ይጻፋል።

የፍጥነቱም ነገር መነገር አለበት። በሠንጠረዥ አንድን ዋስ ካገኙ በኋላ የእርሱን ዋስ ለማግኘት ወደ መዝገቡ ተመልሶ በማውጫ መፈለግ ያሻል፤ እርምጃው በጨመረ ቁጥር ፍለጋው ይደጋገማል። ለግራፍ ተብለው ከተሠሩት ብዙዎቹ ዳታቤዞች ግን በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የጎረቤቶቹን አድራሻ ይጽፋሉ፤ ይህም በመጋዘን ካርድ ላይ «ቀጣዩ በስድስተኛው መደርደሪያ ነው» ተብሎ እንደ ተጻፈ ያህል ነው። የወሩን ሽያጭ ድምር ለማውጣት፥ የዕቃውን ብዛት በየዓይነቱ ለመቁጠር የሚፈልግ ግን ከሠንጠረዡ የተሻለ ነገር አያገኝም። ሠንጠረዥህን ጣል የሚል ሻጭ ቢመጣ በጥርጣሬ ቢያዳምጡት መልካም ነው።

ከፓናማ የወጡት ሰነዶች

ይህ ዘዴ በዓለም ፊት ከተፈተነባቸው ሥራዎች አንዱ በኤፕሪል 2016 የታተመው የፓናማ ሰነዶች ጉዳይ ነው። በፓናማ ከነበረ አንድ የሕግ ጉዳይ ድርጅት የወጡ 11.5 ሚሊዮን ሰነዶች ሙኒክ ለሚታተመው ለዙድዶይቸ ሳይቱንግ ጋዜጣ ደረሱ። ጋዜጣውም ለዓለም አቀፉ የምርመራ ጋዜጠኞች ኅብረት አካፈለ። በውስጣቸው ከ214,000 በላይ በባሕር ማዶ የተቋቋሙ ኩባንያዎችና የአደራ ድርጅቶች ነበሩባቸው። ሰነዶቹን በየተራ ለማንበብ ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ ኅብረቱ ኩባንያውን፥ ባለአክሲዮኑን ወይም ዲሬክተሩን፥ አገናኙን ወኪልና አድራሻውን እያንዳንዳቸውን ነጥብ አድርጎ፥ ኒዮ ፎር ጄ በተባለው የግራፍ ዳታቤዝ ውስጥ አስቀመጣቸው።

ችግሩ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። በአንድ አገር መዝገብ የኩባንያው ባለቤት ተብሎ የተጻፈው በሌላ አገር የሚገኝ ሁለተኛ ኩባንያ ነው፤ የሁለተኛውም ባለቤት ሦስተኛ ኩባንያ ነው። በመጨረሻ የሚገኘው ሰው ከመነሻው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በግራፍ ዳታቤዝ ግን ጋዜጠኛው ሁለት ነጥቦችን መርጦ «በእነዚህ መካከል መንገድ አለን? ካለስ አጭሩ የቱ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ቻለ። አጭር መንገድ ከሚፈለግባቸው ስልቶች የታወቀው የሆላንዱ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1956 ያገኘው ነው፤ እርሱ ራሱ እንደ ተናገረው ከእጮኛው ጋር በአምስተርዳም ገበያ ሲዞሩ ደክሟቸው ቡና ሊጠጡ በተቀመጡበት በሃያ ደቂቃ ያህል ያሰበው ነበር። ቡና ጠጥቶ ከዚህ የበለጠ ትርፍ ያገኘ ሰው መኖሩን እንጃ።

መንገድ መገኘቱ ግን ጥፋት ማለት አይደለም። በባሕር ማዶ ኩባንያ ማቋቋም በራሱ ወንጀል እንዳልሆነ ኅብረቱ ራሱ መረጃውን ለሕዝብ ክፍት ሲያደርግ አስታውቋል። ከዚህም ሌላ አንዱ አድራሻ ለብዙ ኩባንያዎች የሚያገለግል በሚሆንበት ጊዜ፥ ከቶ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በዚያ አድራሻ በኩል በሁለት እርምጃ ብቻ የተገናኙ መስለው ይታያሉ። በእኛም ዘንድ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ሒሳብ ስላላቸው፥ ወይም ዕቃቸውን በአንድ አስተላላፊ ስላስወጡ ሽርካ ናቸው ቢባል መሳቂያ ይሆናል። በግራፉ ላይ የትኛው መሥመር ትርጉም እንዳለው፥ የትኛው ደግሞ እንዲያው ጉርብትና እንደ ሆነ ለይቶ የሚደነግገው ነጋዴው እንጂ መሣሪያው አይደለም። የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ይህ ነው፤ ሻጮቹም ብዙ ጊዜ የማይናገሩት እርሱን ነው።

የቡናው መንገድ

ላኪዎቻችን ይህን ነገር ከሌሎች ይልቅ በቶሎ የሚያስፈልጋቸው በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ምክንያት ነው። በ1115 ቁጥር በ2023 የወጣው ይህ ደንብ፥ ቡናን ጨምሮ ሰባት የምርት ዓይነቶች ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት ያልበቀሉ መሆናቸውን ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ምርቱ የበቀለበትም ማሳ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ያዛል። የሚፈጸምበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የተራዘመ ሲሆን፥ መራዘሙን እንደ ዕረፍት የቆጠሩት ላኪዎች ግን የተሳሳቱ ይመስለናል።

ቡናው ከገበሬው ማሳ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ፥ ከጣቢያው ወደ መጋዘን፥ ከመጋዘኑ ወደ ኮንቴይነር ሲሄድ እያንዳንዱ ርክክብ ቀስት ነው። ጥያቄውም ከሁለት ወገን ይመጣል። ገዢው ከኮንቴይነሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ «ይህ ከየትኞቹ ማሳዎች መጣ?» ይላል። በአንድ ማሳ ላይ ጉድለት ሲገኝ ደግሞ ላኪው ከማሳው ተነሥቶ ወደ ፊት «ይህ ወደ የትኞቹ ኮንቴይነሮች ገባ?» ብሎ ይጨነቃል።

በቁጥር እንየው። አንድ ላኪ ከአራት ማጠቢያ ጣቢያዎች ቡና ይረከባል፤ እያንዳንዱም ጣቢያ ከ250 ገበሬዎች የሰበሰበ ነው እንበል። አራት ኮንቴይነር ይጭናል፤ አንዱም እንደ ተለመደው 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ኬሻዎች፥ ማለት 19,200 ኪሎ ይይዛል። የየጣቢያው ቡና ለየብቻው ተይዞ ከተጫነ እያንዳንዱ ኮንቴይነር ከ250 ማሳዎች ጋር ብቻ የተያያዘ ይሆናል። የአራቱ ጣቢያ ቡና በመጋዘን ውስጥ ተደባልቆ ከተጫነ ግን አራቱም ኮንቴይነሮች ከ1,000ው ማሳዎች ሁሉ ጋር ይያያዛሉ። ከሺሁ አንድ ማሳ ጉድለት ቢገኝበት፥ በፊተኛው አሠራር 19,200 ኪሎ ይታገዳል፤ በኋለኛው 76,800 ኪሎ። ምክንያቱም ጉድለት ያለበት ቡና ከሌላው ተለይቶ ሊታወቅ ካልቻለ የተደባለቀው ሁሉ በኅብረቱ ገበያ ሊሸጥ አይፈቀድምና ነው። መደባለቁ የተደረገው በአንድ ነጥብ፥ ምናልባትም በአንድ ከሰዓት በኋላ፥ በመጋዘን ቦታ ጥበት ምክንያት ሊሆን ይችላል። በሠንጠረዡ ላይ የገባው ኩንታልና የወጣው ኩንታል ስለሚተካከል ምንም ጉድለት አይታይም። በግራፉ ላይ ግን አራት ቀስት ገብቶ አራት ቀስት የሚወጣበት ያ ነጥብ ከሩቅ ይታያል፤ ላኪው መጋዘኑን በግድግዳ ለመክፈል የሚያወጣውን ወጪ ከ57,600 ኪሎው ልዩነት ጋር አመዛዝኖ መወሰን ይችላል።

የስም ነገር

አሁን የምንናገረው ነገር ትንሽ ቢመስልም፥ በእኛ አገር ማናቸውንም የግራፍ ሥራ ሊያበላሽ የሚችለው ዋናው እርሱ ነው። ነጥብ ሲደረግ አንድ ሰው አንድ ነጥብ መሆን አለበት። በሥነ አመክንዮ ሁለት የተለያዩ ስሞች ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ያመለክታሉ ብሎ መነሣት አንድ ውሳኔ ነው፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ መነሣት ሌላ ውሳኔ ነው። የእኛ ስም በሁለቱም በኩል ያስቸግራል። ኃይሉ በ«ኃ»ም በ«ኀ»ም በ«ሀ»ም ይጻፋል፤ ፀሐይ በ«ፀ»ም በ«ጸ»ም ይጻፋል፤ በኢንቮይስና በባንክ ወረቀት ላይ በላቲን ፊደል ሲሰፍር ደግሞ አራትና አምስት ዓይነት ይሆናል። መሣሪያው እነዚህን እንደ ተለያዩ ሰዎች ከቆጠራቸው የዋስትናው ክብ ይቆረጥና ሳይታይ ይቀራል። በሌላ በኩል የቤተሰብ ስም የሌለንና በአባት ስም የምንጠራ በመሆናችን፥ በስምና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ነጋዴዎች በአንድ ገበያ ውስጥ ብዙ ናቸው። መሣሪያው እነዚህን አንድ አድርጎ ከቆጠራቸው፥ ንጹሑ ሰው በማያውቀው ሰው ዕዳ ይጠረጠራል፤ ዱቤም ይከለከላል። ስለዚህ ለነጥቡ መለያ ስምን ሳይሆን የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥርን ወይም የንግድ ምዝገባ ቁጥርን ማድረግ፥ ስሙን ከነአጻጻፉ ልዩነት በነጥቡ ላይ እንደ መግለጫ መጻፍ ይገባል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በመዝገብ ያልተገኘ ነገር የለም ማለት ነውን? በመጋዘን መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ኬሻ የለም ብንል ትክክል ነው፤ መዝገቡ ሁሉን እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነውና። በባለሱቆች መካከል ያለው ዋስትና ግን ለእኛ የተነገረን ብቻ ነው የተጻፈው። በግራፉ ላይ በሁለት ተበዳሪዎች መካከል መሥመር አለመኖሩ እኛ አለማወቃችንን ብቻ ያሳያል። ሊቃውንቱ የፊተኛውን ዝግ ዓለም፥ የኋለኛውን ክፍት ዓለም ብለው ይለያሉ። ልዩነቱን ያልተረዳ ነጋዴ «መሣሪያው ምንም ግንኙነት አላገኘም» የሚለውን መልስ «ግንኙነት የላቸውም» ብሎ አንብቦ ሌላ 400,000 ብር ይሰጣል።

ለመጀመር

አርባ ደንበኛ ላለው ሱቅ ዳታቤዝ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ አንድ ትልቅ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። ደንበኞቹና አቅራቢዎቹ በሺህ የሚቆጠሩለት ድርጅት ግን ሻጩን ጥቂት ነገር አጥብቆ ይጠይቅ። ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄዎቹ በምን ቋንቋ እንደሚጻፉ ይወቅ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ጂ.ኪው.ኤል. የተባለውን የግራፍ መጠየቂያ ቋንቋ በኤፕሪል 2024 በደረጃነት አውጥቷል፤ ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ሻጮች የየራሳቸውን ቋንቋ ይሸጡ ስለ ነበር፥ ደንበኛው ወደ ሌላ ልሂድ ቢል ጥያቄዎቹን ሁሉ እንደ ገና ማስጻፍ ነበረበት። የሚቀርበው መሣሪያ ይህን ደረጃ እስከ ምን ድረስ እንደሚከተል፥ መረጃውም ሲፈለግ በሙሉ ወጥቶ በሠንጠረዥ ሊጻፍ ይችል እንደ ሆነ በውሉ ላይ ይስፈር።

በወረቀት የሚጀምር ሰው ደግሞ ከፍተኛ ዕዳ ካለባቸው ደንበኞቹ ይነሣ። ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ያድርግ፤ ዋሶቻቸውን ይጨምር፤ የዋሶቹንም ዋስ ያልታወቀ ከሆነ ሰው ልኮ ያስጠይቅ። ቀስቱን ከዋሱ ወደ ተበዳሪው ይሳል። በየቀስቱም ላይ የገንዘቡን ልክና ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀን ይጻፍ፤ ባለፈው ዓመት ያበቃ ዋስትና በሥዕሉ ላይ እንደ ጸና ሆኖ ሊታይ ይችላልና።